ትሉ መቀነት ሲታጠቅ

ሊለወጥ ያለ ሰው አስቀድሞ ምልክት ያሳያል ብለው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ስለ ሰው እንጃ። ስለ ሎሚ ትል ግን ጠይቁኝ።

ቡታጅራ ባለው ግቢዬ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። እየቆጠርኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ያለኝን ሳልቆጥር አላድርም፤ ትሎቹንም ቆጠርኳቸው፣ ስምንት። ቅጠሉን ሲያወድሙ የሰነበቱ እነዚህ ሆዳሞች አንድ ጠዋት መብላት አቆሙ። ሆዳቸው ውስጥ የቀረውን አወጡ። ከዛፉ ወረዱና የጓሮውን የጣውላ አጥር እየዳበሱ፣ እየቆሙ፣ እየተመለሱ ይዞሩ ጀመር። አንዱ የሚፈልገውን ቦታ አገኘ። ከአፉ ክር እየመዘዘ ወገቡን እንደ መቀነት ከጣውላው ጋር አሰረና ዝም አለ። በኋላ ቆዳው ሲሰነጠቅ አየሁ። ከውስጡ የወጣው ትል አይደለም፣ ቢራቢሮም አይደለም፤ እግር የሌለው፣ ሲነኩት ብቻ የሚንፈራገጥ፣ የተከፈነ ነገር ነው።

ይህን ባላይ ኖሮ ስለ ታላቅ ወንድሜ ባልደነገጥኩ።

ጋሼ ከድር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራል። ሰሞኑን ቆጮው ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ከዚያ ይነሳና ያንኑ አጥር በመዳፉ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ቤት ልቀይር ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

በእኛ ዕድሜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋችኋል? ሳልነግረው ወደ እድራችን ዳኛ ሄጄ ድንኳኑን አስያዝኩ።

«ሰውየው እኮ አልሞተም» አለኝ ዳኛው።

«ቀድሞ ማስያዝ ምን ይጎዳል?»

አርብ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ከድር አጥሩን ቆርጦ በር ያወጣል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ሙሉካ ናቸው። ሲጠግብ የሰነበተውም እዚያ ኖሯል።

«ኒካሁ እሁድ ነው» አለኝ መጋዙን ሳያስቀምጥ። «ለአንተ መንገር አፍሬ ነው።»

ድንኳን ከተያዘ ተያዘ፤ እሁድ ተከልነው። የእድሩን ድንኳን ግን የማያውቅ የለም። የሰፈሩ ሴቶች ከመንገድ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ጋሼ ከድር ነጭ በነጭ ለብሶ በአዲሱ በር ብቅ ሲል ለቅሶው ተቋረጠ።

ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቁ። አንዲት ባልቴት ብቻ አልሳቁም። በሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«ያው ሄደብህ አይደል» አሉኝ። «አላህ ጽናቱን ይስጥህ።»

አሜን አልኩ።