እመት የብርጓልና የሥራነሽ ሳል

ሐኪም የሌለው አገር ይኖራል፤ ሐኪም ነኝ የሚል ጎረቤት የሌለው አገር ግን የለም። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለው የእኛ ሠፈርም እመት የብርጓልን ታድሏል።

ክብርት እመት የብርጓል በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ ገና ከደጃፉ ሳሉ "ብርድ ነው!" ይላሉ። እግሩ የተሰበረው አስማማው እንኳ ብርድ መታው ተብሎ በፌጦ ታሽቷል።

"እመቴ፣ እኔኮ ከበቅሎ ወድቄ ነው" ቢላቸው፣

"ባይበርድህ መች ትወድቅ ነበር?" አሉት።



ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ሥራነሽ መሳል ጀመረች። ሥራነሽ ጥጥ ፈትላ የምታድር የእመት የብርጓል የግድግዳ ጎረቤት ናት። ባሏ ሙላት ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገባ ወዲህ ከልጇ ከያለምወርቅ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። የእመት የብርጓል ፍርድ አልዘገየም። የቤቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወታተፉ፣ በሩን ዘጉ፣ እሳት አነደዱ። ከእናትና ልጅ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰው፣ በአንድ ዋንጫ ተልባ እየጠጡ ሰነበቱ። ሌላው ጎረቤት መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ አንዱ ቡዳ በላት ይላል፣ አንዱ የዘር በሽታ ነው ይላል። እሳቸው ግን "ሰው የተጸየፈው ሰው ሳይታመምም ይሞታል" ይሉ ነበር።

ሥራነሽ ከሳች። ሌሊት በላብ ትጠመቃለች። አንድ ጠዋት አፏን የያዘችበት ነጠላ ደም ነካው።

ወደ ጣሊያኑ ሐኪም መሄድ ግድ ሆነ። የአርበኛ ሚስት ጣሊያን ደጅ!

"ባንዳ ይሉኛል፤ ሙላት ቢሰማስ ምን ይለኛል?" አለች።

"እኔ ወሰድኋት በዪው! ነጩም ብርድ መሆኑን ይመስክር" አሉ እመት የብርጓል። እኔ ጎረቤቷ በአንድ ጎን፣ እሳቸው በሌላው ደግፈናት ሄድን።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ አክታዋን መረመረ። ከዚያ አስተርጓሚው እንዲህ አለን፦ "የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቡዳም የዘርም አይደለም፤ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ቤቱ አየር ያግኝ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር አትተኛ።"

"ብርድስ?" አሉ እመት የብርጓል።

"ብርድ አይደለም።"

"እሺ፣ መድኃኒቱስ?"

ሐኪሙ መለሰ። "ዕረፍትና ምግብ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለንም" አለ አስተርጓሚው።

መድኃኒቱ የተገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ሰው ለወራት ሳያቋርጥ ውጦ ይድናል። ሥራነሽ ትንሽ ዘግይታ ብትታመም ኖሮ እላለሁ፤ ቁጭቱ አይለቀኝም።

  ሠፈር እንደደረስን እመት የብርጓል መጥረቢያ አንሥተው የሥራነሽን ግድግዳ ይፈልጡት ጀመር።

"ምን ነካዎት?" አልኋቸው።

"የወተፍሁት እኔ፣ የምከፍተውም እኔ!" አሉኝ፤ ፊታቸው አቧራ ለብሷል።

ያለምወርቅን ለእኔና ለባለቤቴ ሰጡን። እሳቸው ከሥራነሽ ጋር ቀሩ። "እርስዎም ይጠንቀቁ እንጂ" ስላቸው፣ "እሷን ማን ያገላብጣት?" አሉኝ።

ሥራነሽ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፈች። ሙላት ለቀብሯ አልደረሰም።

ጣሊያን ሲወጣ እመት የብርጓል ራሳቸው ይስሉ ነበር። ምን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ "በሽተኛ ያልጠየቀ አይጸድቅም" ሲሉን የኖሩት ሴት ጠያቂ ከአጥራቸው እንዳያልፍ ከለከሉ። ያለምወርቅ ልግባ ብላ ብታለቅስ፣ "እናትሽን አፍኛታለሁ፤ አንቺን አላፍንም። እዚያው ሆነሽ አጫውቺኝ" አሏት። ልጅቱ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ፣ እያነባች አጫወተቻቸው።

በመጨረሻ ያየኋቸው ዕለት ባለቤቴ የሠራችውን ገንፎ ከአጥራቸው በር አስቀምጬ ራቅ ብዬ ቆምሁ። እንደምንም ወጥተው ከገንፎው አጠገብ ተቀመጡ። ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርተዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"እንዳላማው፣ ምነው ከሳህሳ?"

አልከሳሁም ነበር። ደስ ይበላቸው ብዬ፣ "አዎን እመቴ፣ ትንሽ ከስቻለሁ" አልኋቸው።

ገንፎውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉት። "ና፣ ብላ" ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ቤትህ ሄደህ ብላ፣ ልጄ" አሉኝ።