ለሯጯ ሽማግሌ የላከው ኮሌጅ

«ለመሆኑ ልጅዎ እየተማሩ ከሚሮጡት ናት ወይስ እየሮጡ ከሚማሩት?»

ይህን የጠየቁኝ ጋሼ ወልደአረጋይ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ጋቢ ከለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው። ያን ቀን እንኳን መልሱ ጥያቄውም አልገባኝም። ሦስት ሽማግሌ ማልዶ መጥቶ፣ «ግቡ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ካለ፣ በእኛ አገር የሚፈልገው አንድ ነገር ነው።

«ልጄ ሔራን ገና ተማሪ ናት» አልኳቸው። «አዋላጅ ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት ቀርቷታል። አልድርም።»

«ማን ዳሩልን አለ? እኛ የመጣነው ከምትማርበት ኮሌጅ ነው።»

ኮሌጁ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሯጮቹ እስካሁን በነፃ መሮጣቸው ዘመናዊ አሠራር አለመሆኑን በጥልቅ ጥናት ደርሶበት ኖሯል። ከእንግዲህ በየወሩ ሊከፍላቸው ወሰነ። እንደ ሔራን ያሉ ሯጮቹን ሌላ ኮሌጅ እንዳይነጥቀው ውሳኔውን የሚያስፈጽም ዐቢይ የምልመላ ኮሚቴ፣ ዐቢዩን የሚያግዝ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ሁለቱ ኮሚቴዎች ሦስት ቀን መክረው፣ በሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ልኮ ያፈረ ሰው እንደሌለ አረጋገጡ። እናም በዕድሜያቸው ሠላሳ ሁለት ጋብቻ ያስማሙት፣ ሃያውን ደግሞ ራሳቸው ያፋቱት ጋሼ ወልደአረጋይ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ጥሎሹንም አልረሱም፤ አንድ ቱታና አንድ ጥንድ የመሮጫ ጫማ በነጠላ ተጠቅልሎ መጥቷል።

ጋሼ ወልደአረጋይ ወረቀት ዘረጉ። «እዚህች ላይ አውራ ጣትዎን ጫን ያድርጉልን።»

«አነበዋለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ኮሌጅ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ፊደል ጨርሼ ንባብ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ቆመው ጠበቁኝ። አንቀጽ ሁለት ላይ ስደርስ ጋሼ ወልደአረጋይ እግር መቀያየር ጀመሩ።

«ወይዘሮ በሰለች፣ ስንት ይቀራል?»

«አምስት አንቀጽ።»

«ኧረ እኛም አላነበብነው!»

«እንግዲያው ለእናንተም ጭምር ላንብበው።»

አንቀጽ አራት፣ «ተማሪዋ በውድድር ምክንያት ከፈተና ብትቀር ኮሌጁ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። በደንብ ያላነበብኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ሔራን የተወለደችው ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲያወጡኝ፣ መንገድ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ነው። አዋላጄ ደንግጦ ፊቱን ያዞረ አንድ በቅሎ ነጂ ነበር። ይህች ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ ብትቀር እኔ እንዴት አድርጌ እተኛለሁ?

«አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ» አልኩ። «ፈተና ካለ ሩጫ የለም የሚል።»

«እሱን ደግሞ ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተሳሳቁ። «ይጻፉዋ! ይጻፉ!»

ጻፍኩት። ጽፌ እስክጨርስ የደጁ ፀሐይ ወደ ጓሮ ዞረች። ጋሼ ወልደአረጋይ ለመቀመጥ ከመቸኮላቸው የተነሣ ሳያዩ ፈርመው ማኅተሙን መቱበት።

ክፍያው ሲጀመር ሕዝባችን በአንድ ጀምበር ሠለጠነ። ድሮማ ኋላ ቀር ነበርን። በየዓመቱ የኮሌጆች ሩጫ ቀን ቆሎ በኪሳችን ይዘን እንወጣና፣ መጨረሻ ለሚገባው ከፊተኛው አብልጠን እናጨበጭብ ነበር። የሚያለቅስ ካለም ቆሎውን እንሰጠዋለን። ይህ ሁሉ ያለ ዕቅድ ነበር። አሁን ግን ሯጩ በሕዝብ መዋጮ ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ አሠሪ ሆነ። አሠሪ ደግሞ ቆሎ አይሰጥም።

ሔራን በመጀመሪያው ውድድር ሦስተኛ ወጣች። በማግስቱ ባለሱቁ አለምነህ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«እትዬ በሰለች፣ ምነው ልጅሽ ጉድ ሠራችን? በእኛ ብር ሦስተኛ?»

«አንተ ስንት አዋጥተህ ነው?»

«እኔ ገና ነኝ። ቃል ግን ገብቻለሁ።» ዘንቢሌን ከፈት አድርጎ አየ። «ጎመን? ሯጭ ጎመን ትበላለች እንዴ? የሕዝብ ንብረት እኮ ናት!»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደጋፊዎች ተወካይ መርጠው ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ ገብረ ጻድቅ ሄዱ።

«አባታችን፣ ሔራን እንቁላል እንድትበላ ይፍቀዱልን።»

«ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም። ሦስተኛ ወጥታለች።»

«ለእሷ ብፈቅድ እናንተስ ምን ልትሆኑ ነው?»

«እኛማ ብቻዋን አንተዋትም፤ ለድጋፍ አብረናት እንበላለን።»

ቄሱ በመስቀላቸው ወደ በሩ አመለከቷቸው። ደጋፊዎቹም ለውጤቱ መጥፋት ዋናው ምክንያት ጾም መሆኑን በቃለ ጉባኤ አስመዘገቡ።

ምልመላውም ሰፋ። ለሚ ተኬደ፣ እነዋሪ ተኬደ። አሊዩ አምባ ላይ አንድ አባት «ወላሂ ልጄ ሮጦ አያውቅም» ቢሏቸው፣ ጋሼ ወልደአረጋይ «ስላልተከፈለው ነዋ!» አሉ። ልጁ መጣ፤ ተከፈለው፤ እውነትም አይሮጥም። ኮሚቴው ግን ወጣቱ ያልተነካ አቅም እንዳለው አመነ፤ ማንም ነክቶት ስለማያውቅ ይህ ትክክል ነበር።

ተፎካካሪው ኮሌጅም ዝም አላለም። አንድ ማለዳ ጋሼ ወልደአረጋይ ቤቴ መጥተው፣ «ያ ኮሌጅ ቢልክብዎ እንዳይሰሙት፤ ሌቦች ናቸው» ብለውኝ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደአረጋይ ተመልሰው መጡ፤ ከሌቦቹ ተልከው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሌቦች ናቸው አላሉኝም?»

«ጠዋት የላከኝ ሌላ ነበራ። ሽማግሌ የራሱ አፍ የለውም።»

ጥሎሹ ሁለት ቱታ ሆኗል።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሽማግሌው አልነበረም፤ ልጄ ናት። መጽሐፏን ገልጣ ሳላያት ሳምንት ያልፋል። ፈተናሽ ደረሰ ስላት፣ «እማዬ፣ ስለ ፈተናዬ እኮ ካንቺ በቀር የሚጠይቀኝ የለም» ትለኛለች።

ቀኑ ደረሰና ትልቁ ሩጫ ከመጨረሻው ፈተና ጋር ገጠመ። የኮሌጁ ዲን አቶ ማኅደረማርያም ሔራንን አስጠርተው፣ «ፈተና በየዓመቱ አለ፤ የክብር እንግዳ ግን የሚገኘው በዚህ ቀን ብቻ ነው» ብለው አስረዷት። ቤት መጥታ አንገቷን ደፋች።

«እማዬ፣ ሩጪ ተብያለሁ። ውል አለብሽ አሉኝ።»

ውሉን ከሣጥን አወጣሁና አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ከእጄ ወሰደችው።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ሁለት ቦታ ደልዣለሁ፤ ግን ይነበባል።»

ጽሕፈቴን በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፏን ፍለጋ ተነሣች።

ውሉን ለዲኑ ወሰድኩላቸው፤ እሳቸውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት።

«ይህ አንቀጽ ከየት መጣ?»

«ከእኔ» አልኳቸው። «ማኅተሙ ግን የእናንተ ነው።»

ሔራን ተፈተነች። ሦስት መቶ ያህል ደጋፊ መስኮቱ ሥር ተሰብስቦ «ሔራን፣ ቶሎ ጨርሺ! የመጨረሻውን ዝለይው!» እያለ ጮኸ። በኮሌጁ ታሪክ ፈተና ለማየት ሕዝብ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ለትምህርት ጥራት የነበረኝ ተስፋም ያን ቀን ለመለመ። ልጄ አንዱንም ጥያቄ አልዘለለችም፤ ከክፍሉ የወጣችው መጨረሻ ነው። ያጨበጨበላት ሰው አልነበረም።

በዓመቱ መጨረሻ የኮሌጁ መክፈያ ነጠፈ። አለምነህ ቃሉን አላጠፈም፤ አሁንም ቃል እንደገባ ነው። ሯጮቹ ሦስት ሦስት ቱታ ወደሚሰጠው ኮሌጅ ሄዱ። አሠልጣኙ ተከተሏቸው። ደጋፊውም ማሊያውን ለውጦ ተከተለ። ዲኑ በዕድገት ተዛወሩ። ጋሼ ወልደአረጋይ ከሁለቱም ኮሌጆች የምስጋና ወረቀት ተቀብለው ወደ ጋብቻ ሥራቸው ተመለሱ። ሔራን ተመርቃ አንኮበር ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ ሻንጣዋን ተሸክሜ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በዚያ ውል ላይ ስማችን ከሰፈረው መካከል ኮሌጁ ውስጥ እስካሁን የሚማር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከፊት ወንበር፣ ማንም ያልመለመለኝ እኔ።