የምስጋናው ገጽ መጨረሻ

ከመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሰው ከልቡ የሚያነበው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም የምስጋናው ገጽ። የቀረውን አማካሪው እንኳ አንብቦ መጨረሱን እጠራጠራለሁ። ምስጋናው ላይ ግን ሁሉም ስሙን ይፈልጋል፤ «እኔ ምስጋና አልሻም» ባዩ ደግሞ ከሁሉ በፊት መነጽሩን ያጠልቃል። የእኔ መነጽር የፀሐይነሽ ጽሑፍ የመጣ ዕለት ሁለቴ ተወልውሏል።

ፀሐይነሽ ከዳገቱ በላይ ያለችው የጨንቻ ልጅ ናት። ኮሌጅ ስትማር የኖረችው ሴቻ ሰፈር እኛ ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ አስካለ ልጅ የለንምና እንደ ልጃችን ነበር የምናያት። እሷስ እንዴት እንደምታየን? ጠይቀናት አናውቅም፤ እንዴትስ ተብሎ ይጠየቃል? የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ ጽሑፏን አርምላት ነበር። «ላስት በት ኖት ሊስት» የሚባለውን ሐረግም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ተማሪ ሁሉ መጨረሻ ላይ በደረሰ ቁጥር የሚሰካው ነገር ነውና፣ ኋላ የተጠራው ሰው ከፊተኞቹ እንደማያንስ ካላመንሽ አትጻፊው ብዬ እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አብራርቼላታለሁ።

የተጠረዘውን ጽሑፍ አመጣችልኝ። አማካሪዋ ተመስግኗል፤ ደግ አደረገች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች፣ ጓደኞቿ፣ ሲቀላ ሰፈር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ ሳይቀር ተመስግነዋል። ከዚያ ያ ሐረግ፤ ከሐረጉ በኋላ እኔና አስካለ። አጠቃቀሙን መረመርኩት፤ እንከን የለውም። አንድ ስህተት ባገኝበት እንዴት ደስ ባለኝ!

አስካለ ፊቴን አይታ ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀችኝና ተረጎምኩላት። ልክ ከሆነ ታዲያ ምን ያስኮርፍሃል አለችኝ። መልስ ያጣ ሰው ጉልበቱን ያመዋል። ጨንቻ ለምረቃዋ ድግስ ስንጠራ ዳገቱን አልችለውም አልኩ። ዳገቱን የሚወጣው መኪናው መሆኑን አስካለ ብታስታውሰኝም አልሰማኋትም። ያለ አንተ ምን ብዬ እገባለሁ ብላ እሷም ቀረች።

የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ የእኔ ለማግስቱ አደረ። ፀሐይነሽ ሥጋውን ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳጣው ጋር ቋጥራ መጣች። ስለ ጉልበቴ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት፤ ቅሬታዬ ግን አልያዝልህ አለኝ። ለመሆኑ ፎቶ ኮፒ አንሺው ምን ቢያደርግልሽ ነው ከእኛ ያስቀደምሽው አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ እንግዳ ናቸው» አለች። «እንግዳ ይቀድማል፣ የቤት ሰው መጨረሻ ነው። ትናንትም እንግዶቹ በልተው ሄዱ። እኛን ግን አባቴ፣ ጋሼ ሳይመርቁልን አንቆርስም፣ ቢሻላቸው ይመጡ ይሆናል ብሎ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀን።»

አስካለ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ይሰማኛል። ምነው ያን ቀን ጉልበቴ የእውነት በታመመ! ያ የቀዘቀዘ ምግብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሐረጉ መቼ እንደሚጻፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ለእኔ ሲጻፍልኝ ማንበብ አቃተኝ።