አምስት በጎችና አንድ ኦዲተር በአንድ ማሞቂያ

አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ወጌን ከገንዘቡ የጀመርኩት ስስት ይዞኝ አይደለም። ሰው ሲያወጋ መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ በመጨረሻም ስለ ገንዘቡ የሚያነሳው ይሉኝታ አስሮት እንጂ ልቡ ከመነሻውም ገንዘቡ ዘንድ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፣ በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ በአሥራ ሁለት ሲባዛ አሥራ ስምንት ሺህ፤ በቅድሚያ፣ በአንድ ጊዜ፣ በጥሬው። ንፋስ መውጫ ላይ እንዲህ ያለ ተከራይ በስንት ዓመት አንዴ ብቅ እንደሚል ቤት ያከራየ ያውቀዋል።

እኔ የምቆጥር ሰው ነኝ። ከስማዳ ስወጣ ሦስት ቁና ገብስና አንድ ጋቢ ይዤ ነበር፤ ዛሬ ያለኝን ሁሉ ያገኘሁት እየቆጠርኩ ነው። ከደጄ እስከ ገበያው አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ስመለስ ዳገት ስለሆነ አራት መቶ ሠላሳ ይሆናል። ባለቤቴ የሻረግ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀባሪዎችህን ቆጥረህ ሳትጨርስ ነፍስህ አትወጣም» ትለኛለች። ምናለ? አንዱ ለቅሶ ሳይደርስ ቢቀር ማን ይይዝልኛል?

ወደ ብርዱ ልመለስ። ድሮ እኛ ሀገር ብርድ የሚባል ነገር ውጭ ነበር የሚያድረው። ቤታችን ሣር ክዳን፣ ከወዲህ መደቡ፣ ከወዲያ ላሙ፣ በሬው፣ በጉ። ከብቱ ሲተነፍስ እኛ እንሞቃለን፤ ሙቀቱም በነፃ ነበር። ኋላ ሠለጠንን። ከተማ ገባን፣ ቆርቆሮ መታን፣ ሲሚንቶ አፈሰስን፤ ከብቶቹን አስወጣንና ብርዱን አስገባን። ቀን ቀን ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ውሃ ውስጥ የገባን ያህል ነው። ይህን ነው እንግዲህ እኔ ብሎኬት ቆጥሬ፣ ሚስማር ቆጥሬ የሠራሁት።

ኅዳር መግቢያ ላይ አቶ ሙሉቀን የሚባል ኦዲተር ተዛውሮ መጣ። ስምንት ዓመት መተማ በረሃ አገልግሎ ደሙ የቀጠነ፣ ኮት በኮት ላይ የሚደርብ፣ ሲያስነጥስ እንኳ የሚያስነጥሰውን የሚቆጥር የሚመስል ሰው ነው። ገና ሳየው ወደድኩት። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ነውና ደረሰኝ የሚሰበስብ ሰው ዘመዴ ይመስለኛል። ክፍሉን አየና፣ «አባባ፣ ሰባት ቀን አድሬ ልሞክረው። ሙቀቱ ከተስማማኝ የዓመቱን አስቀድሜ እከፍላለሁ። ካልተስማማኝ መኪና ተራው ጋ ሌላ ቤት አይቻለሁ» አለኝ።

መኪና ተራው ጋ ያለው ቤት የማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ለዚያ ሰውዬ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ከሚገባ እኔ ሁለት ጊዜ ብሞት ይሻለኛል።

የእህቴ ልጅ ደሳለኝ ኤሌክትሪክ ተምሮ የወጣ ኢንጂነር ነው። አማከርኩት። «አጎቴ፣ ማሞቂያ መሰካቱማ ቀላል ነው፤ ተከራይዎ ግን ሳያጠፋው ቢሮ ይሄዳል፣ ቆጣሪውን እርስዎ ይከፍላሉ» አለኝ። ይህን የመሰለ ልጅ የወለደች እህቴ ትባረክ! ከባሕር ዳር ሦስት ማሞቂያ፣ ሦስት ዓይንና ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ዓይኑን እሱ ሴንሰር ይለዋል፤ እኔ ዓይን እለዋለሁ። ግማሽ እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ክፍሉ መሞቅ መብረዱን ይለካል፤ ደግሞም ነፍስ ያለው ነገር እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ያውቃል። ሰው የሌለበትን ክፍል አያሞቅም። ሲበርድ ሙቅ አየር ይነፋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ቀዝቃዛ። እስከ ገመዱ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ወጣበት። ዋጋው አንገብግቦኛል፤ ግን ከኔ ሌላ በዚህ ቤት የሚቆጥር ፍጡር በመገኘቱ ደስ አለኝ።

አንድ ችግር ነበር። የቆጣሪው ብሬከር ሦስቱን ማሞቂያ በአንድ ጊዜ አይችልም፤ አንዱ ሲሠራ ሁለቱ ማረፍ አለባቸው። ደሳለኝ፣ «የትኛው ክፍል ይቅደም?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜ ልኩን የቆጠረ ሰው ምን ይላል? «ብዙ ያለበት ይቅደም» አልኩት። አንድ ሰው ከሚሞቅ አምስት ሰው ቢሞቅ ሂሳቡ ያዋጣል። ልጁ ጎበዝ ብሎኝ እንዳልኩት አድርጎ ሳጥኑን በቁልፍ ቃል ዘጋውና ወደ ቆላ ወደ ሥራው ወረደ።

ዓይኑ መጀመሪያ ያዋረደኝ ከማኅበርተኞቼ ፊት ነው። እሑድ ቀን ማኅበሩ የኔ ተራ ነበርና ሳሎኑ በሰው ሞላ። በፀሐዩና በሰዉ ሙቀት የተደናገጠው ማሽን ቀዝቃዛውን ለቀቀው። በኛ ሀገር ሰው ከጥይት ቢያመልጥ ከንፋስ አያመልጥም። አሥራ ስድስት ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ጋቢውን ጆሮው ድረስ ሳበ። ጎረቤቴ መሪጌታ፣ የድጓ መምህሩ፣ «አያ ጥጋቡ፣ ዝክሩ አንሶህ ብርድ ጨመርክበት?» አሉኝ። ሳቁብኝ። የሳቁት አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ሰው የሳቀበትን አልሰሙም።

አሁን ስለ በጎቹ ልንገራችሁ። የገና ጾም ሲገባ በግ ይረክሳል፤ ጾሙ ሲፈታ ይወደዳል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። እኔ በየዓመቱ አምስት በግ እገዛለሁ። የዚያን ዓመትም አንዱን በአንድ ሺህ አንድ መቶ ገዛሁና ጅብ እንዳይበላቸው ከኋላ ባለው ባዶ ክፍል አስገባኋቸው። ከገና በኋላ የማከራየው ክፍል ስለሆነ ሦስተኛው ዓይንና ሦስተኛው ማሞቂያ እዚያው ተገጥሟል። የተገዛ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ማየት አልችልም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አቶ ሙሉቀን አፍንጫው ጫፍ ላይ ጠብታ አንጠልጥሎ ወጣ። «እንዴት አደሩ?» ብለው፣ «አላደርኩም፤ ነጋብኝ እንጂ» አለኝ። ማሞቂያውን ብዳስሰው ድንጋይ ነው። ሁለተኛውም ቀን፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። የገረመኝ ቆጣሪው ነው፤ ይዞራል! ብሩ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ግን አልመጣም። የሻረግ፣ «የበጎቹ ቤት ግን ሞቆ ሞቆ ልብስ ያስጥላል» ብላኝ ነበር። «የበግ ትንፋሽ ነው፤ ልጅ ሆነን እንዲሁ ነበር» ብዬ ትዝታ ነገርኳት።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ለበጎቹ ድርቆሽ ይዤ ገባሁ። የደረቀ ሞቅታ ፊቴን መታኝ። ስቆጥራቸው ስድስት ሆኑ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ስድስት። በግ በጾም አይራባም ብዬ ጠጋ ብል ስድስተኛው ኦዲተሩ ነው! ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ራሱን ትልቁ በግ ጎን ላይ ጥሎ፣ ያንኮራፋል። ነቃና ሳያፍር፣ «አባባ፣ ይህቺ ክፍል ስንት ናት?» አለኝ። «የበግ ቤት ነው እኮ» አልኩት። «ለነሱ በስንት አከራዩአቸው?» አለኝ። ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም።

ቀላል ነው ብዬ በጎቹን ወደ እሱ ክፍል፣ እሱን ወደ በጎቹ ክፍል አዛወርኳቸው። የሻረግ እየረገመችኝ ሁለት ባልዲ ውሃና ግማሽ ሳሙና ጨርሳ ወለሉን አጠበች። በማግስቱ ጠዋት አቶ ሙሉቀንን አዲሱ ክፍሉ ውስጥ አጣሁት። ሙቀቱ በጎቹን ተከትሎ ሄዷል፤ ሰውዬውም ሙቀቱን ተከትሎ ተሰዷል።

ደሳለኝ ስልክ የሚሰማው እሑድ እሑድ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው። ጠብቄ አገኘሁትና ጮህኩበት። እሱ ሳቁ ሲቆምለት፣ «አጎቴ፣ ዓይኑ የሚያየው እንቅስቃሴ ነው። ኦዲተሩ ሲተኛ ፀጥ ይላል፤ አምስት በግ ግን ሲነሳ፣ ሲተኛ፣ ሲገፋፋ ነው የሚያድረው። ሳጥኑ በግና ሰው አይለይም። ደግሞስ እርስዎ አይደሉ ብዙ ያለበት ይቅደም ያሉኝ?» አለኝ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። የበጎቹን ማሞቂያ ቢነቅሉትም ሳጥኑ ተራውን ለነሱ ይዞ ይቆያል፤ ካልመጣሁ አይስተካከልም፣ የምመጣውም ከጥምቀት በኋላ ነው አለኝ።

«ማሞቂያውን ቀጥታ ብትሰካለትስ?» ትሉኛላችሁ። ሰክቼለታለሁ። እሱ ክፍሉን ቆልፎ ቢሮ ውሎ ሲመለስ ማሞቂያው ግድግዳ ሲያሞቅ ውሏል፤ እኔም ቆጣሪው ሥር ቆሜ ስሞት ውያለሁ። ነቀልኩት። መሪጌታ ደግሞ ነገሩን ሰምተው፣ «ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ቢሰግዱ ዓይኑም ያይዎታል፣ ነፍስዎም ትጠቀማለች» ሲሉ መከሩት። አቶ ሙሉቀን፣ «መሪጌታ፣ ኪራዩ ላይ ስግደት አልተጨመረም» አላቸው።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ሻንጣውን አየሁት፤ ተዘግቷል። በዓይነ ልቡናዬ አሥራ ስምንት ሺህ ብር በእግሩ ወደ መኪና ተራ ሲሄድ ታየኝ፤ ቆጠርኩት፣ አንድም አልጎደለ። «ምን ባደርግልዎ ይቀመጣሉ?» አልኩት። «በጎቹ ከኔ ጋር ከሆኑ አሁኑኑ እከፍላለሁ» አለ። እኔ መቼም ይሉኝታ የለኝም፤ «ይሁን» አልኩ። ወረቀቱን ራሱ ጻፈው፣ ራሱ አነበበልን፤ መሪጌታ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ሰማሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

የገና ዋዜማ ሲቃረብ ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ አንዱን በግ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰጠኝ። ስንጨባበጥ አቶ ሙሉቀን ወረቀቱን ይዞ ብቅ አለ። ተራ ቁጥር አራት፦ ክፍሉ ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ፣ ከነአምስት በጎቹ ለአንድ ዓመት ተከራይቷል፤ ቀለቡም በአከራዩ ነው። «አባባ፣ በሩን ነቅለው ይሸጡታል?» አለኝ በትሕትና። ነጋዴው የጨበጠውን እጄን ለቀቀና እየሳቀ ወደ ሌላ ሰው በግ ሄደ። ወደ መሪጌታ ሮጥኩ። «ፈርሜያለሁ፤ የፈረምኩትን አልበላም» አሉኝ። ቀጠል አድርገው፣ «በጉን ግን ብትጋብዘኝ እበላ ነበር» አሉ።

ደሳለኝ ከጥምቀት በኋላ መጥቶ ሳጥኑን በአሥር ደቂቃ አስተካከለው። አቶ ሙሉቀን አመስግኖት፣ ውሉ ግን ውል ነው አለ። ጉንፋኑም ለቆታል፣ በጎቹንም ለምዷቸዋል። በጎቹም ከተሜ ሆኑ፤ መብራት ሲጠፋ ከከተማው ሁሉ ቀድመው የሚጮኹት እነሱ ናቸው።

ዓመቱ ሞላ፤ አሰላሁ። ገቢ አሥራ ስምንት ሺህ። ወጪ፣ ለመሣሪያው ስድስት ሺህ አራት መቶ፣ ለበጎቹ አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ ለቀለብ በቀን አሥር ብር ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ፣ ለመብራት አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ። ትርፍ ሰባት መቶ ብር። አቶ ሙሉቀን ውሉን እንደነበረ ለማደስ መጣና ሦስት ሺህ ብር ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረ። ቀሪውስ ብለው፣ «በዚህ ክፍል የምናድረው ስድስት ነን፤ አሥራ ስምንት ሺህ ለስድስት ሲካፈል ሦስት ሺህ ይደርሰኛል። የሌሎቹን ከነሱ ይቀበሉ» ብሎ በአገጩ ወደ በጎቹ አመለከተኝ።

ደጋግሜ አሰላሁት፤ አልተሳሳተም። ማታ ነገሩን ላስብበት ብዬ ክፍሉ ውስጥ ገለባው ላይ ቁጭ አልኩ። ሙቀቱ ደስ ሲል! እዚያው አሸለብኩ። ጠዋት ስነቃ አቶ ሙሉቀን ሂሳቡን አስተካክሎ ጠበቀኝ፤ ሰባት ሆነናልና ድርሻው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰባ አንድ ብር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ነው፤ አራት መቶ ሃያ ስምንት ብር ከሃምሳ ሰባት ሳንቲም መልስ ይገባዋል። ቆጥሬ ሰጠሁት።

እንግዲህ መደምደሚያው ይህ ነው። ትርፍ፦ የአምናው ሰባት መቶ ብር። ኪሳራ፦ የአምስት በጎችና የአንድ ሽማግሌ ያልተከፈለ ኪራይ። በጎቹስ እንስሳ ናቸው፤ እኔ ግን የማልከፍልበት ምክንያት አልታየኝም።