የጋሼ ሰይድ ግመል

አንድን ሥራ አሥራ ሁለት ጊዜ ካልደገመ የሠራ የማይመስለው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ካልገጠመዎት ከእኔ ጋር ይተዋወቁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ቫይረስ በገባ ቁጥር በዚያ ሙቀት በየማሽኑ እየዞርኩ ዊንዶውስ እጭናለሁ። ላቤ ካልተንጠፈጠፈ ምኑን ሠራሁት?

ባለፈው ለተግባር ፈተና አንድ ቀን ሲቀረን አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ተበላሹ። ባልደረባዬ ጋሼ ሰይድ ግን አንዱን ብቻ አሰናዱና የዚያ ማሽን ብቻ የሆነውን ነገር ሁሉ ከውስጡ አጽድተው ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌሎቹ ለመገልበጥ በአምስት ፍላሽ አባዝተው ያዙ።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ዓይነታቸው ለየቅል ነው። የአንዱ ለሌላው እንዴት ይሆናል?» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ ይሆናል። አንተ በዚያ ጀምር፣ እኔ በዚህ።»

እኔ ሁለተኛውን ሳልጨርስ የእርሳቸው አሥሩም ተነሡ። አዲሱም አሮጌውም፣ እኔ ሞቷል ብዬ የተውኩት ሳይቀር ተነሣ። በአሥሩም ላይ አንዲት ግመል ቆማለች። ጋሼ ሁሉን ሲያጸዱ፣ ከአሊዩ አምባ የገዟትን የግመላቸውን ፎቶ ከስክሪኑ ማንሣት ረስተዋል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ገብተው አሥር ግመል ሲያፈጥባቸው ደነገጡ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጤነኛው ማሽን በእርሷ ይለያል» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ተማሪ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ግመል በሌለበት ኮምፒውተር አንፈተንም ብለው የእኔን ሁለቱን ሸሹ። ምን ላድርግ፣ ጎንበስ ብዬ ግመሏን በየተራ፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ አስገባሁላቸው።