የውዴን ስልክ በፈቃዷ ስከፍት

የደብረ ታቦር ሴት የዶሮዋን ቆጥ የምትጠብቀውን ያህል ስልኳን አትጠብቅም። ትቆጡኝ ይሆናል፤ ተቆጡ። ዶሮዋን ከሸለምጥማጥ ለማዳን ድንጋይ ደርድራ፣ እሾህ አጥራ፣ ውሻ አስራ ታድራለች። ስልኳን ግን... እሱን አሁን ትሰሙታላችሁ።

የልጅ ልጄ ማስተዋል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሀኪንግ መማር ጀመረች። ሥራው ሌባ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዶ የኮምፒውተሩን ወይም የስልኩን ቀዳዳ መፈለግና «እዚህ ጋ ድፈኑት» ማለት ነው። ይኸ ምን ነውር አለበት? ጎረቤቴ ውዴ ግን «ልጅቱ ስርቆት ተምራ ልትመረቅ ነው» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። ማስተዋል ስታልፍ ሴቶቹ ስልካቸውን ጉያቸው ውስጥ ይወሽቃሉ። ይኸስ ይሁን። የማርያም ጽዋ ተራዬ ሲደርስ «ያቺ ልጅ ካለችበት ቤት አንገባም» አሉ። ጠላዬን ጠምቄ ማን ሊጠጣልኝ ነው? ደግሞስ ሰው ባልሠራው ሲከሰስ ሆዴ አይችልም።

«ነይ አስተምሪኝ» አልኋት ማስተዋልን።

«ምኑን፣ እምዬ?»

«ስልክ መክፈቻውን። የቱ ነው የሚጫነው?»

«የሚጫን ነገር የለም። ሰው የሚስጥር ቁጥር ሲመርጥ የሚወደውን፣ የማይረሳውን ነው የሚመርጠው። ዝም ብለው ይዩ፣ ይስሙ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ግን ጣትዎን እንዳያሳርፉ።»

እኔ እንኳ የፈለግሁት አቋራጩን ነበር። በደቂቃ ሀከር የሚያደርግ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ ሲሉ ሰምቼ ጠየቅኋት። «እሱን ስልኩ ላይ የጫነ ሰው፣ የሚዘረፈው ራሱ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ከገዛ ስልኬ ጀመርሁ። እሷ ቁጥሩን ትቀይራለች፣ እኔ እገምታለሁ። ስሳሳት ይቆለፍብኛል፤ ዘመድ ሞቶ መደወል ብፈልግ እንኳ የጎረቤት ስልክ ነው የምለምነው። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ የሚያስቆልፈው ሳያስቡ መነካካት መሆኑ እያደር ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ውዴን ያዝኋት።

«ስልክሽን ልክፈተው፤ ትፈቅጃለሽ?»

«አንቺ? ፊደል እንኳ በግድ የምትለይው?»

«ትፈቅጃለሽ ወይ ነው ያልሁሽ።»

«ፈቅጃለሁ። ከከፈትሽው ጽዋው ላይ እመጣለሁ፤ ልጅቱም እንዳለች።»

ሴቶቹን ምስክር አድርጌ ስልኳን ተቀበልሁ። የማርያም ማኅበርተኛ አይደለች? ማርያም በሃያ አንድ ነው፤ 2121 ብዬ መታሁ። እምቢ አለ። (የኔ የራሴ ቁጥር እሱ ነበር፤ ለማንም እንዳትነግሩ።) ውዴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ገብርኤልን፣ እስከ ማታ ብትነካኪው አይከፈትልሽም።»

እጄን ሰብሰብ አደረግሁ። ለካ ጽዋዋ የማርያም ይሁን እንጂ መሐላዋ ሌላ ነው። ገብርኤል ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ነው። 1919 ብዬ ስመታ ስልኩ ወለል አለ። ውስጡን ሳላይ መልሼ እጇ ላይ አኖርሁት። ሳቁ ጠፋ። በሚካኤል የምትምለው ስልኳን ደበቀች፣ በጊዮርጊስ የምትምለውም እንዲሁ። አንባቢዬ፣ አንቺም አሁን የራስሽን እያሰብሽ ነው አይደል?

«የምትምሉበትን ታቦት ቁጥር አታድርጉ፤ ቀይሩት» አልኋቸው። «አዲሱን ደግሞ ለማንም እንዳትናገሩ።»

ውዴ ቃሏን ጠበቀች። ለጽዋው ከሁሉ ቀድማ መጣች፤ ማስተዋልንም አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ እኔን ወደ ጓዳ ጎትታ ጆሮዬ ላይ አራት ቁጥር አንሾካሾከች።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«አዲሱ ቁጥሬ ነዋ። እንዳልረሳው አንቺ ያዥልኝ።»

«ለማንም አትናገሩ አላልሁም?»

«ለማን ተናገርሁ? ላንቺ እኮ ነው።»

እሷ ስትወጣ ሌላዋ ገባች። ከዚያም ሌላዋ... ማኅበርተኛው በሙሉ ተራ በተራ ጓዳዬ ገብቶ ጆሮዬ ላይ አንሾካሹኮ ወጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለማስተዋል ነገርኋት። ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

«እምዬ፣ እንግዲህ አንቱን ያታለለ ሌባ የሰፈሩን ስልክ በሙሉ ከፈተ ማለት እኮ ነው።»

«አታስቢ» አልኋት፤ «አንዱንም አላስታውሰውም።»