በፈተና ሰሞን የተያዘ መርዶ

አገሬው ሞትን አይፈራም፤ ሞቱን መናገር ነው የሚፈራው። እናንተም ታውቁታላችሁ። አጎታችሁ ካረፈ በኋላ «ትንሽ አሞታልና ብቅ ብትል» ተብላችሁ፣ መናኸሪያ ስትደርሱ ሊቀበላችሁ የወጣው ዘመድ ሲበዛባችሁ ጉዱን የገመታችሁ አትጠፉም። እኔ አባቴ ሲሞት የተጠራሁት «በሬው ታሟል» ተብዬ ነው። በሬው ቢታመም እኔ ምን ልፈይድ? የከብት ሐኪም አይደለሁ! ግን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተሳፈርኩ፤ መንገዱንም ሙሉ ለበሬው አለቀስኩ።

ልማዱን ልንቅ አይደለም። መርዶ ወግ አለው። በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይሄዳሉ፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆማል። ሸጋ ሥርዓት ነው። ይህን ያህል ዘመን ያቆየን እሱ ይመስለኛል። ብቻ አንድ ጣጣ አለው፤ ለመዋደድ ስንል መዋሸት ከለመድን ወዲህ፣ እውነቱን የሚነግረን ሰው ሲመጣ አናምነውም።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስና «ዝም በሉ» ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ቤቴም ድረስ ይዤው እሄዳለሁ ትላለች ባለቤቴ። ቤታችን ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከሚባለው ሰፈር ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የግቢ ጉባኤ ልጆች ይመጡብናል። ግቢ ጉባኤ ማለት ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው ጎን ለጎን ሃይማኖታቸውን የሚማሩበት፣ የሚዘምሩበት፣ ያጣውን የሚረዱበት ማኅበር ነው። አገር ቤት ላለች እናታቸው ምትክ ፍለጋ ይመስለኛል ባለቤቴን «እትዬ፣ እትዬ» ይሏታል። እኔን ጋሼ ይሉኛል፣ ይፈሩኛልም።

የዚያ ዓመት ትምህርታቸው «ፍቅር በተግባር» የሚል ነበር። በጨርቅ አጽፈው አዳራሹ ውስጥ ሰቅለውታል። እኔ እንግዲህ ምላሴ ክፉ ነው፤ «ፊደሉ ደህና ተጽፏል፣ ተግባሩ መቼ ይሰቀላል?» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ምክንያት ነበረኝ። ከመካከላቸው ፈንታሁን የሚባል ልጅ አለ። ከአይከል ወዲያ፣ መኪና ከማይደርስበት የገጠር ቀበሌ የመጣ የምህንድስና ተማሪ ነው። ስሙ እንደሚነግራችሁ ከእሱ በፊት የተቀበሩ ወንድሞች ነበሩት፤ ለእናቱ የተረፉላት እሱና አንዲት ታናሽ እህቱ ብቻ ናቸው። ጉባኤው ሳይጀመር ወንበር የሚደረድረው፣ ሲያልቅ ወንበር የሚያነሣው እሱ ነው። ጉባኤው ሲካሄድ በር ሥር ይቀመጣል። ስሙን ስጠይቃቸው «የቱ? ያ ወንበር የሚያነሣው?» አሉኝ። ፍቅር ከጀርባቸው ተሰቅሏል፤ እሱ በር ላይ ተቀምጧል።

የጉባኤው ሰብሳቢ ብሩክ ይባላል። የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ የተማሩ፣ እሱም ቅን ልጅ ነው፤ ይህን በኋላም አልክድም። የፈንታሁን ስልክ ተሰብሮ በቀረ ጊዜ «የእኔ ስልክ ያንተ ስልክ ነው፣ ቁጥሬን ለቤተሰብ ስጥ» ያለው እሱ ነው። ፈንታሁንም ቁጥሩን ለእናቱ ወንድም፣ ለአያ ማሩ ላከ። ይህን አትርሱብኝ፤ ብሩክ ግን ረስቶታል።

የዓመቱ ፈተና ሊጀመር ሲል ያ ስልክ ጮኸ። አያ ማሩ ነው። መንደሩ ኔትወርክ ስለሌለ አይከል ድረስ በእግሩ ወጥቶ ነው የደወለው። «የፈንታሁን እናት ታማለች፣ ልጄን ልጄን ትላለች፣ ቶሎ አምጡልን፤ እንዳይደነግጥ ቀስ አድርጋችሁ ንገሩት» አለና ድምፁ በልቅሶ ታፈነ። ብሩክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ባለቤቱ ተዘሎ ለሌላ ሰው ተደውሏል። ደዋዩ ሽማግሌ ነው፤ ያለቅሳል። «እንዳይደነግጥ» ይላል። የአማራ ልጅ ሆኖ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ታመዋል» የሚል ማን ነው? ብሩክ ስልኩን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ የጉባኤውን የሥራ አመራር አባላት ሰብስቦ «የፈንታሁን እናት አርፈዋል» አላቸው። ተላቀሱ። «በእርግጥ ሞተዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እኛ ዘንድ ልበ ደረቅ ይባላል።

ቀጥሎ መከሩ። አሁን ቢነገረው ፈተናው ሊያመልጠው ነው፤ ፈተናው ካመለጠው ዓመቱ ተቃጠለ፤ እናትየው ደግሞ ይማርልኝ ብላ አይደል የደከመችው? ከተቀበሩ በኋላ ቢሄድ ምን ያገኛል? ፈተናው ይለቅና መርዶውን በወጉ ይረዳ፤ እስከዚያ እኛ እናት እንሁነው አሉ። ጸልየው ተለያዩ። ክፋት የሌለበት ምክር ነበር፤ እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከዚያማ ፍቅር በተግባር ተገለጠ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ምሥጢሩ ከአመራሩ አልፎ ለጉባኤው ተዳረሰ፤ ሃምሳ ሆነው ተሸከሙት፤ አማረባቸውም። ፈንታሁን ወንበር ሊያነሣ ሲል ሦስት ሰው ይሻማዋል። ብሩክ የራሱን ጃኬት አውልቆ አለበሰው። ድሮ ሰላም የማትለው ልጅ ማስታወሻዋን ገልብጣ ታመጣለታለች። ካፌ ሲገባ ከየጠረጴዛው ጉርሻ ይዘረጋለታል። አንዳንዷ አጉርሳው ፊቷን ታዞራለች፤ እሱ ዓይን አፋርነት መስሎታል።

እኔ ነገሩን አላውቅም። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሊመልስ መጣና እንደ ወትሮው ከመሄድ ፋንታ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ወዝቷል።

«ጋሼ፣ ግቢው ዘንድሮ ደስ ይላል» አለኝ።

«ምነው? ፈተናው ቀለለ?»

«ፈተናውስ ከባድ ነው።» አቀርቅሮ ፈገግ አለ። «ሰው ወደደኝ መሰለኝ። ለእናቴ ስገባ እነግራታለሁ፤ ‹እዚያ ሰው አለህ ወይ?› ስትለኝ ሁልጊዜ እዋሻት ነበር።»

እኔም ደስ አለኝ። እነዚያን ልጆች በነገር ስወጋ መክረሜ ጸጸተኝ ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት ሊረዳ ቀን ተቆረጠ። ብሩክ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ፤ መርዶ ያለ ሽማግሌ አይሆንምና ሽማግሌው እኔ መሆኔ ነው። ነገሩን ሲነግረኝ ክው አልኩ። «መቼ ተቀበሩ?» አልኩት። አያውቅም። «በምን ሞቱ?» አያውቅም። አያ ማሩ ጋ ደወልን፤ «ደንበኛው አይገኙም» ትላለች ሴትዮዋ። እናጣራ ልለው ነበር፤ ግን የንስሐ አባቱ ተነግረዋል፣ ሚኒባስ ተይዟል፣ ልጆቹ ነጠላቸውን አጥበዋል። የተነሣ መርዶ አይመለስም።

ጎህ ሲቀድ ማደሪያው በር ላይ ቆምን። ፈንታሁን ዓይኑን እያሸ ወጣ፤ የብሩክን ጃኬት ለብሷል። ነጠላዎቹን አየ። የንስሐ አባቱ «ልጄ፣ እናትህን እግዚአብሔር ወስዷታል» አሉት። የተዘጋጁት እጆች ሁሉ ያዙት። የሰው ልጅ እንደዚያ ሲጮህ መስማት አልወድም። ሲበርድለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ጃኬቱን አውልቆ አጣጠፈና ገብቶ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

በአዘዞ አድርገን አይከል ደረስን፤ ከዚያ በእግር። ኮረብታው ላይ ስንወጣ መንደሩ ታየ፤ ፈንታሁን «እናቴ!» ብሎ ለቀቀው፣ ሴቶቹ ልጆች ተቀበሉት፣ እኛም እንደ ወጉ እየጮኽን ወረድን። ደጁ ላይ ዳስ የለም። ሰልስቱ ካለፈ ቆይቷል፣ አፍርሰውት ይሆናል አልኩ በልቤ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያየናል እንጂ አብሮን አያለቅስም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣብን። አያ ማሩ ነበር።

«ምነው? ምን ነካችሁ? ዝም በሉ፣ ትሰማለች!»

ልቅሶው በያለንበት ቀረ። ከቤተ መጻሕፍት ውጭ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

«አያ፣ እኛ…» አለ ብሩክ። «ሞተዋል ብለን ነው።»

«ማን አለህ? ታማለች አላልኩህም? ላኩልን አላልኩህም?»

«አዎ… ግን…»

«ታማለች ያልኩት ታማ ነው!»

ፈንታሁን ሁሉንም ጥሎ ገባ። እኔም ተከተልኩት። እናቱ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ምላሳቸው ግን ከተያዘ ሰንብቷል። አያ ማሩ ከበሩ ሆኖ ነገረን፤ መናገር እስኪሳናቸው ድረስ «ልጄ ደረሰ ወይ? ሳልመርቀው አልሄድም» ሲሉ ከርመዋል። መንገደኛ ታየ በተባለ ቁጥር ትንሿን ልጃቸውን ኮረብታው ላይ ይሰዷት ነበር። አሁን ልጃቸው ጉልበታቸው ሥር ተደፍቶ «መርቂኝ፣ እናቴ፣ መርቂኝ» ይላል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። እጃቸውን ሊያነሡ ሞከሩ፤ ፈንታሁን አንሥቶ ራሱ ላይ አደረገው። ያ እጅ የመረቀው ይሁን የወቀሰው እግዚአብሔር ይወቀው።

ጀንበር ሳትጠልቅ አረፉ። እኛ ደግሞ ልቅሷችንን ከጠዋት ጀምረን ጨርሰነዋል። ድምፃችን ተዘግቶ፣ ዓይናችን ደርቆ፣ እውነተኛው ሞት ሲመጣ የምናዋጣው እንባ አጣን። የመንደሩ ሰው አለቀሰልን። ብሩክ አጥሩ ሥር ቆሞ ግንባሩን ከእንጨቱ ጋር ሲያጋጭ አየሁት፤ ሄጄ ያዝኩት። ምን ልበለው? «ለፍቅር ብለህ ነው» ብለው አያጽናናውም፤ «ገደልካቸው» ብለው ሐሰት ነው።

ፈንታሁን ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፏል፤ በዚህስ ምክራቸው ሠመረ። ማንንም አልተቀየመም፤ ቢቀየም በወደድኩ። ጉባኤ ይመጣል፣ ወንበር ያነሣል። ብሩክ የገዛለትን ስልክ ከእጁ አይለይም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ጨርቅ ወርዶ ሌላ ተሰቅሏል፤ የዘንድሮው ስለ ትዕግሥት ነው። እኔ አላሾፍኩም።

ባለፈው ፋሲካ ልጆቹን ቤታችን ጠርተናቸው ነበር። ሁሉ በልቶ ሲጫወት ፈንታሁን ጥግ ይዟል። ባለቤቴ አንጀቷ አልችል አለና ከዶሮው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» ብላ ዘረጋችለት። አፉን ሊከፍት ሲል ተወው። ዓይኗን ትኩር ብሎ አየና «እትዬ፣ ከአይከል የደወለ ሰው አለ? እህቴ ደህና ናት?» አላት።

«ኧረ የለም፣ በእመቤቴ! ደህና ናት!» ብላ ማለች።

ወደ እኔ ዞረ። እኔም «ማንም አልደወለም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ግን እኛ ለልጁ መቼ ከ‹ደህና ነው› ሌላ ነገር ብለነው እናውቃለን? ጉርሻው ባለቤቴ እጅ ላይ እንዳለ ተነሥቶ ደጅ ወጣና ለአያ ማሩ ሊደውል ስልኩን ይነካካ ጀመር።